ኢምፕላንት ካስተከልኩ ሳምንት አልሞላኝም፤ ሰርግ ላይ ሁለት ቢራ ብጠጣስ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ 34 ዓመቴ ነው። ባለፈው ማክሰኞ አዲስ አበባ ሄጄ ከታች በግራ በኩል ለተነቀለ መንጋጋ ጥርሴ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚገባ ብሎን የሚቆም ሰው ሠራሽ ጥርስ) አስተከልኩ። አሞክሳሲሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና አይቡፕሮፌን ታዘዘልኝ። መድኃኒቱ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ያልቃል። ቅዳሜ የጓደኛዬ ሰርግ ነው፣ ሚዜ ነኝ። እብጠቱ ጎድሏል፣ ሕመምም የለኝም ማለት ይቻላል። ሁለት ቢራ ብጠጣ ችግር አለው? ጓደኞቼ ደግሞ አረቄ ጀርም ይገድላል፣ ቁስሉን ያደርቀዋል ይሉኛል። እውነት ነው?»

ሰርጉ የሰመረ ይሁን። አጭሩ መልስ፦ ቅዳሜ ባትጠጣ እመርጣለሁ፣ አረቄውን ደግሞ ጭራሽ እርሳው። ግን ይህን ብቻ ብዬህ ብተወው ቅዳሜ ማታ ከሙሽራው ጎን ተቀምጠህ ብርጭቆ ሲሞላልህ ምክሬ ቦታ እንደማይኖረው አውቃለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ። አንተ እያልኩ በመጻፌ አትቀየመኝ፤ እኔም በጥርስ ሐኪምነት የምሠራው ሐረር ነው፣ እዚህ አካባቢ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም።

ከአረቄው ልጀምር፣ ምክንያቱም ይህን ወሬ ከታካሚም ከአስታማሚም ሰምቼ አልጨርሰውም። አልኮል ጀርም ይገድላል፣ እውነት ነው። ግን በደንብ የሚገድለው መጠኑ ከ60 እስከ 90 በመቶ ሲሆን ነው። ለእጅህ የምትገዛው ሳኒታይዘር እዚያ ውስጥ ይገባል። ቢራ 5 በመቶ ገደማ ነው። አረቄም ጠንከር ያለው ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ 40 ቤት ውስጥ ነው። ለማጽጃ አይበቃም፣ ለማቃጠል ግን ይበቃል። አሁን ቁስልህን እየሸፈነ ያለው አዲስ ሥጋ ገና ለጋ ነው፤ አረቄ ሲነካው የሴሎቹን ውሃ መጥጦ ይገድላቸዋል። ያ የሚያንገበግብ ስሜት «እየሠራልኝ ነው» ማለት አይደለም። ሥጋህ እየተቃጠለ ነው።

«ያደርቀዋል» የሚለውም ወሬ ነው። የአፍ ቁስል ደርቆ አይድንም፣ እርጥብ ሆኖ ነው የሚድነው። ክንድህ ላይ ያለ ቁስል ቅርፊት ይይዛል። ድድህ ላይ ግን መስታወት ፊት ቆመህ ከንፈርህን ገለጥ ብታደርግ፣ በስፌቱ ክሮች ዙሪያ ነጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ስስ ሽፋን ታያለህ። ብዙ ሰው መግል ይመስለውና በጥጥ ይፍቀዋል። መግል አይደለም፣ ፋይብሪን ይባላል፤ ሰውነትህ ከደሙ ያበጀው የቁስል ልባስ ነው። በጣትህም በምላስህም አትነካካው። ማጽዳት ካማረህ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። በኃይል አትጉመጥመጥ፤ አንገትህን ወደ ግራ ዘንበል አድርገህ ውሃው ራሱ እንዲያጥበው ተወውና ቀስ ብለህ አፍስሰው። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ታዞልህ ከሆነ ጠርሙሱን አዙረህ አንብብ። አልኮል ያለበት አለ፣ የሌለበትም አለ። ፋርማሲ ስትሄድ አልኮል የሌለበትን ብለህ ጠይቅ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ሦስቱም ከአልኮል ጋር ያላቸው ነገር እኩል አይደለም። አሞክሳሲሊን ከአልኮል ጋር ቀጥተኛ ጠብ የለውም፤ ሰዉ በጣም የሚፈራው እሱን ነው፣ አለስሙ ስም የተሰጠው ምስኪን መድኃኒት ነው። ጣጣ ያለው ሜትሮኒዳዞል ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ፍላጂል የሚለው። እሱን እየወሰዱ የጠጡ ሰዎች ላይ ፊት መቅላት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስና የልብ ምት መፍጠን እንደሚመጣ መድኃኒቱ ራሱ ይዞት የሚመጣው ወረቀት ያስጠነቅቃል። በቅርብ ጊዜ የወጡ አንዳንድ ጽሑፎች ነገሩ እንደተባለው የተለመደ ላይሆን ይችላል ብለው ይከራከራሉ። ይከራከሩ። እኔ የሚያሳስበኝ ማስመለሱ ነው። አፉ ውስጥ ክር ያለበት ሰው ሲያስመልስ የጨጓራ አሲድ ቁስሉ ላይ ይፈስሳል፣ ማማጡ ደግሞ የደም ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፣ የተረጋጋው ነገር ሁሉ እንደገና ይቀሰቀሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍሬ ከተዋጠ በኋላ ሦስት ሙሉ ቀን ጠብቅ። የሱ ዘመድ የሆነው ቲኒዳዞል የታዘዘለት ሰውም እንደዚሁ።

በዚህ ሒሳብ ያንተ የመጨረሻ ፍሬ ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ሦስት ቀኑ አርብ ጠዋት ይሞላል። ቅዳሜ ከሜትሮኒዳዞሉ በኩል ነጻ ነህ ማለት ነው። አይ ጥሩ! ብለህ ብርጭቆህን ለማንሳት አትቸኩል፤ ይህ የተዘጋው የመድኃኒቱ ሒሳብ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ሰርግ ሲደርስ መድኃኒቱን ቀደም ብሎ ማቆም የሚባል ብልሃት አለ። «ሰኞ ላይ ባቆመው ቀኑ ይሰፋልኛል» የሚል። እባክህ አታድርገው። የታዘዘልህን ቀን ጨርስ። አንድ ፍሬ ዘልሎ መጠጣትም አያዋጣም፤ ሜትሮኒዳዞል ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 8 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ ስለዚህ የጠዋቱን ዘልለህ ማታ ብትጠጣ መድኃኒቱ አሁንም ከአንተ ጋር ነው። ከሁለት ያጣ ትሆናለህ።

የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ዳይክሎፌናክም ያው ነው። አሁን ሕመም ከሌለህ መዋጥህን ሐኪምህን ጠይቀህ አቁመው፣ ቢያንስ በሰርጉ ቀንና በማግስቱ። በማግስቱ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሁድ ጠዋት ራሱ ሲፈነዳ የተረፈችውን አይቡፕሮፌን በባዶ ሆዱ ሲውጥ ነው። ፓራሲታሞልም ቢሆን ከብዙ መጠጥ ጋር ለጉበት አይበጅም። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የተሰጠው ሰው ካለ ግን ቀልድ የለም። እሱና አልኮል አንድ ላይ ትንፋሽ ያዘገያሉ፣ ሰው ተኝቶ ላይነሳ ይችላል።

ወደ ቁስሉ እንምጣ። ቅዳሜ 11ኛ ቀንህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብትጠጣ ኖሮ የምፈራልህ ደም ነበር፤ አልኮል የደም ሥርን ያሰፋል፣ ደም የሚያረጉትን ፕላትሌቶችም ያሰንፋል፣ የረጋው ደም ከቦታው ከተነሳ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል። 11ኛው ቀን ላይ ይህ ስጋት ቀንሷል። የድዱ ጠርዝና ጠርዝ ተያይዟል፣ ግን ገና ጠንካራ አይደለም። ክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ይወጣል። ያንተ ማን እንደሚያወጣልህ አልጻፍክም። የሠራህ ሐኪም አዲስ አበባ ነው፣ አንተ ድሬ ነህ፣ ስለዚህ ነገ ደውልና ጠይቀው፦ ክሩ የሚሟሟ ነው ወይስ የሚወጣ? የሚወጣ ከሆነ ድሬ ላይ ማን ያውጣልህ? ከሰርጉ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ? ይህ ከቢራው ጥያቄ ይበልጣል።

ሌላው ነገር ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ የሚጠጣ ሰውና ሚያዝያ ላይ ድሬ የሚጠጣ ሰው አንድ አይደሉም። አልኮል ኩላሊትን ውሃ እንዳይቆጥብ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ከጠጣኸው በላይ ትሸናለህ። ከዚያ ላይ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ለብሰህ ድንኳን ውስጥ ትጨፍራለህ፣ በላብ ትጠመቃለህ። ምራቅህ ይደርቃል። ምራቅ ደግሞ የአፍ ቁስል ጠባቂ ነው፤ ምግብ ያጥባል፣ አሲድ ይቀንሳል፣ ባክቴሪያ ይዋጋል። አፉ ደርቆ ያደረ ሰው ቁስል ጠዋት ላይ ሽታውም መልኩም ሌላ ነው። ሞቅ ብሎት የገባ ሰው ደግሞ ጥርሱን ሳይቦርሽ፣ በተሠራበት ጎኑ ተጋድሞ፣ ጥርሱን እያፋጨ ነው የሚያድረው። አልኮል ጥርስ ማፋጨትን ያብሳል፤ ለአዲስ ኢምፕላንት የማልመኘው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን። አንተ «ሕመም የለኝም» ብለሃል። ሰዎች ወደ ብርጭቆ የሚመለሱት በዚህ ምልክት ነው፤ ድዱ ሲድን ሁሉም የዳነ ይመስላቸዋል። ድድ ግን ክዳን ነው። ሥራው ያለው ከሥሩ፣ አጥንቱ ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ ምንም አይሰማህም።

የተተከለልህ ብሎን ቲታኒየም ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ብሮነማርክ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ የጥንቸል አጥንት ላይ የቲታኒየም መመልከቻ ገጥሞ ሲያጠና፣ ሥራውን ጨርሶ ሊያወጣው ቢሞክር እምቢ አለው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። በ1965 የመጀመሪያውን ሰው አከመ። ዛሬ ያንተ አፍ ውስጥ ያለው የዚያ ልጅ ነው። ዘዴው ጎበዝ ነው፤ በደንብ ተሠርቶ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በኋላም ከ100ው ከ90 በላዩ ቦታው ላይ ነው። ግን አጥንቱ ብሎኑን የሚይዘው በአንድ ቀን አይደለም። ታችኛው መንጋጋ ላይ ሦስት ወር ገደማ፣ ላይኛው ላይ ደግሞ እስከ ስድስት ወር ይፈጃል።

አሁን ይህን ልብ በል። ሐኪምህ ብሎኑን ያሰረ ቀን ጥብቅ ነበር። ያ ጥብቀት የብሎኑ ጥርስ አጥንቱን ነክሶ በመያዙ የመጣ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ከዚያ በኋላ ሰውነትህ ሲሠረሠር የተጎዳውን አጥንት ጠርጎ ያወጣል፣ ከዚያ በቦታው አዲስ ይሠራል። ያረጀ ቤት ስታድስ መጀመሪያ ልስኑን አራግፈህ አይደል አዲሱን የምትለስነው? ልክ እንደዚያ። ስለዚህ መሀል ላይ አሮጌው የተነሳበት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰበት ጊዜ አለ። እሱም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ያለው ነው። ኢምፕላንትህ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ደካማ የሚሆነው በነዚህ ሳምንታት ነው። ልክ ሕመሙ ጠፍቶ፣ ድዱ ሮዝ ሆኖ፣ አንተም «ድኛለሁ» በምትልበት ሰዓት።

አልኮል እዚህ ጋ ምን ያደርጋል? አጥንት የሚሠሩትን ሴሎች ያደክማል። አዘውትሮ ሲጠጣ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ከብሎኑ ጋር የሚጣበቀው አጥንት አንሶ ታይቷል። በሰው ላይ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ የስፔን ጥናት፣ በቀን ከ10 ግራም በላይ አልኮል የሚጠጡ ሰዎች ላይ በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚጠፋው አጥንት ከሌሎቹ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። አሥር ግራም ምን ያህል ናት? ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም አልኮል ይይዛል። ግማሽ ሊትር ጃምቦ ወደ 20 ይጠጋል። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የአረቄ መለኪያ፣ 45 በመቶ ከሆነች፣ ወደ 18 ግራም ናት። «እኔ እኮ ብዙ አልጠጣም፣ ማታ ማታ አንድ ቢራ ብቻ» የሚለው ሰው መስመሩን አልፏል ማለት ነው። በየቀኑ መሆኑ ላይ አስምርበት። ጥናቱ የሚያወራው ስለ ልማድ ነው፣ ስለ አንድ ቅዳሜ አይደለም።

ለዚህ ነው ጥያቄህ ራሱ ትንሽ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያረፈብኝ። የቅዳሜዋ ሁለት ቢራ ብቻዋን ኢምፕላንትህን ትጥለዋለች ብዬ ብነግርህ እዋሻለሁ። አትጥለውም። እኔ የምፈራው ሁለት ቢራ ሁለት ቢራ ሆና እንደማትቀር ነው። ሚዜ ነህ። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ መልስ፣ ከዚያ ቅልቅል። በየቤቱ «ሚዜው ምነው ብርጭቆው ጎደለ?» እያሉ የሚቀዱ አክስቶች አሉ፣ እነሱን እምቢ ማለት ጥርስ ከማስነቀል ይከብዳል። ከዚያ ሰርጉ አለፈ ብለህ ቀጣዩ ቅዳሜ ከጓደኞችህ ጋር ከዚራ ሰፈር ቁጭ ትላለህ፣ ያ ደግሞ ሦስተኛ ሳምንትህ ነው።

የኛ ሀገር ሰው ከሆንክ ደግሞ አንድ ያልጻፍካት ነገር ትኖራለች። ጫት። አልጠየቅከኝም፣ ግን ድሬ እና ሐረር ስለ መጠጥ ተጠይቆ ጫትን ሳያነሱ መመለስ አይቻልም። ትቅማለህ ብዬ እየፈረድኩ አይደለም፣ ካልቃምክ ይህችን ዝለላት። የምትቅም ከሆነ ግን ችግሩ ድርብ ነው። አንደኛ፣ ጉንጭ ውስጥ የሚወተፈው ቅጠል። አብዛኛው ሰው በአንድ ጎን ነው የሚይዘው፣ ሲፋቅና ሲመጠጥ ለሰዓታት ይቆያል። ያ ጎን ግራው ከሆነ ቁስልህን ቀኑን ሙሉ እየተጫነውና እያሻሸው ነው ማለት ነው። ቅጠሏ ክሩ መሀል ትሰካለች። አፍህ ይደርቃል፣ ስኳር ያለው ለስላሳ ትደግምበታለህ፣ ብዙዎች ደግሞ ሲጋራም ይጨምራሉ። ሲጋራ ብቻውን ኢምፕላንት የመውደቅን ዕድል ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፤ ከቢራ በፊት እሱን ተው ብል ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ ጨብሲ። በርጫው ሲያልቅ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ነገር። ጫቱ ስላነቃህ ስካሩ አይሰማህም፣ ስለዚህ ሁለት ባልከው ቦታ ስድስት ይሆናል፣ እሱም በባዶ ሆድ። ሰው ጠጥቶ የተጎዳ ኢምፕላንት ይዞ ሲመጣ ዘርዘር አድርጌ ስጠይቀው መጠጡ ብቻውን አይገኝም። ቀን በርጫ፣ ማታ ጨብሲ፣ መሀል ላይ ሲጋራ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ለሦስት ወር ያህል ይህን ሰንሰለት ከበጠስክ ቢራዋ ራሷ ብዙም አታሳስበኝም። ጫቱን ጨርሶ መተው ካቃተህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ በሙሉ ዝለል፣ ከዚያ በኋላም ክራውኑ (ብሎኑ ላይ የሚቀመጠው ጥርስ) እስኪገጠምልህ ወደ ግራ ጎን አታድርሰው።

እሺ፣ ቅዳሜን ምን እናድርገው? ምኞቴ አንድም ጠብታ ባትቀምስ ነው። ብርጭቆህ ባዶ ሆኖ ከታየ ይሞላል፣ ስለዚህ ባዶ አታድርገው። ሶፊም ሆነ ሌላ አልኮል የሌለው ማልት ቅዳበት፣ ከሩቅ ላየው ቢራ ይመስላል፣ ጣፋጭ ስለሆነ ግን በላዩ ውሃ ጠጣበት። በስትሮው አትምጠጥ። ለሙሽሮቹ ብርጭቆ ሲነሳ አንሳ፣ ፎቶ ላይ ማንም አያውቅብህም። ለሌላኛው ሚዜ አስቀድመህ ንገረው፤ «መድኃኒት ላይ ነው» የምትለዋን ቃል እሱ ቢልልህ ይሻላል፣ አንተ ካልካት ይከራከሩሃል።

አይ ዶክተር፣ ጨርሶስ አይሆንልኝም ካልክ፦ አንድ ቢራ፣ ከምግብ ጋር፣ አርብ ጠዋት ካለፈ በኋላ፣ አይቡፕሮፌን ሳትውጥ፣ ቀስ ብለህ። በጣም በረዶ የሆነውን ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለውን። አንድ ብርሌ ጠጅም ያው ነው። ከዚያ ውሃ። አረቄ፣ ውስኪ፣ ጂን የለም። አንድ ያልኩት አንድ ነው፣ የቅዳሜና የእሁድ ድምር ነው።

ምግቡንም እግረ መንገዴን ልንገርህ። ቁርጥ እርሳ። ጥሬ ሥጋ በመንጋጋ ነው የሚቆረጠው፣ ሚጥሚጣውና አዋዜው ደግሞ ቁስል ውስጥ ይገባል። ጨው ቀነስ ያለ ለብ ለብ ክትፎ፣ ፍትፍት፣ በደንብ የበሰለ አልጫ በቀኝ ጎንህ ብላ። እሁድ ጠዋት ፉል ይሆንሃል፣ ሚጥሚጣው ይቅርበት። እኛ ጋ ሐረር ብትመጣ ሁልበት መረቅ (የአብሽ ሾርባ) እጋብዝሃለሁ፣ ለብ ብሎ ሲጠጣ ለተሰፋ አፍ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ከቅዳሜ በኋላስ? አምስተኛው ሳምንት እስኪገባ ድረስ አልኮል ባትነካ ጥሩ ነው፣ ያ ደካማው ጊዜ ይለፍ። ከዚያ ክራውኑ እስኪገጠም ድረስ አንዳንድ ጊዜ፣ አንድ ሁለት፣ በየቀኑ ሳይሆን። ይህ ያንተን የመሰለ ቀላል ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ብሎን፣ የታችኛው መንጋጋ፣ ጤነኛ ሰው። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው አጥንት ተጨምሮለት ከሆነ ወይም ላይኛው መንጋጋው ላይ የሳይነስ (ከመንጋጋው በላይ ያለው የአየር ክፍተት) ሥራ ተሠርቶለት ከሆነ ይህን ሒሳብ አይውሰድ። የተጨመረው አጥንት የራሱ የደም ሥር እስኪያበጅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ማስመለሱም ማስነጠሱም ሌላ አደጋ አለው፤ የሠራው ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ አይጠጣ። ስኳር በሽታ ያለበትም እንዲሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በቁም ነገር። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ለኢምፕላንት ብሎ በአንድ ሌሊት ቀጥ ማድረግ የለበትም። ካቆመ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አልፎም ራስን ስቶ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሊገድል የሚችል ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ እውነቱን ይንገር፣ በመድኃኒት ታግዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ኢምፕላንቱም ቀኑ ይገፋለታል። ጥርስ ሐኪም ስለ መጠጥ ሲጠይቅህ ሊሰብክህ አይደለም፣ የማደንዘዣና የመድኃኒት ሒሳብ እየሠራ ነው።

ምናልባት ይህን የምታነበው ጠጥተህ ከሆነ፣ ወይም እሁድ ጠዋት ከሆነ፣ አትደንግጥ። ውሃ ጠጣ፣ ብላ፣ በጨው ውሃ ቀስ ብለህ አጥበው፣ ሌላ አትድገም። ራስ ምታቱን በአይቡፕሮፌን አታባርረው። ትንሽ ደም ከታየ ንጹሕ ጎዝ አጥፈህ ቁስሉ ላይ አድርግና 30 ደቂቃ ሳትፈታ ነክሰህ ያዝ፤ በየሁለት ደቂቃው እያነሳህ ካየኸው አይቆምም። ነክሰህ ይዘኸውም ካልቆመ፣ አዲስ አበባ ያለው ሐኪምህ እስኪያነሳ አትጠብቅ፣ ድል ጮራም ሆነ ቅርብህ ወዳለ ሆስፒታል ሂድ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የምትጠብቃቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ጎድሎ የነበረ እብጠት ተመልሶ መምጣት። ጠፍቶ የነበረ ሕመም፣ በተለይ የሚወጋ ዓይነት፣ መመለስ። ትኩሳት። መጥፎ ጣዕም ያለው ፈሳሽ። የታችኛው ከንፈርህና አገጭህ በግራ በኩል ደንዝዞ መቅረት፤ ይህ ካለ ከመጠጥ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ዛሬውኑ ደውል፣ ነርቭ ሊሆን ይችላል። እና ብሎኑ ላይ ያለችው ክዳን ስትነካት የምትንቀሳቀስ ከመሰለህ፣ ክዳኗ ብቻ ላልታ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ራስህ ልታጠብቃት እንዳትሞክር። ፎቶ አንስተህ ለሐኪምህ ላክለትና የሚልህን ስማ። ክሩን ማን እንደሚያወጣልህ ካጣህ ደግሞ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ሐረር ቅርብ ነው፣ ጠዋት በሚኒባስ መጥተህ ከሰዓት ቤትህ ትገባለህ።